ዳኛ የሌለው ገበያ

አርብ ገበያ ስሙ ራሱ ቀን አለው፤ ቦታም አለው። በታች ጋይንት ያደገ፣ ከስማዳና ከእስቴም ወደዚያ የተመላለሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በተሸጠው ዕቃ ላይ ጉድለት ቢገኝ ሻጩ በሚቀጥለው አርብ ይፈለጋል። ቢጠፋ ዘመዱ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላክበታል፤ ከዚያ ካለፈም የወረዳ ፍርድ ቤት አለ። ገዥና ሻጭ የሚተማመኑት አንዱ ሌላውን ወዴት እንደሚከስ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ግን ቀንም ቦታም የሌለው ገበያ መጥቷል። አንድ የጋይንት ሸማኔ ሃያ ጋቢ ፍራንክፈርት ለሚኖር ገዥ በኢንተርኔት ሸጠ እንበል። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ገዥው «ውላችን እንዲህ አልነበረም» ብሎ የዋጋውን እኩሌታ ቢያስቀር፣ ሸማኔው ወዴት ይሂድ? እኛ ተማሪዎች ልንመክርበት የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው።

በቅድሚያ የተሠራውን ሥራ መካድ አይገባንም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተራራቁ ሰዎች መካከል የሚደረገውን ውል፣ በስልክ የሚደረገውንም ጭምር አስቦበት ነበር። በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጡ። መሠረታቸውም፣ አንድ መልእክት በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን አያጣም የሚል ነው። ስለዚህ የሸማኔው ውል ውል ነው፤ ማስረጃውም ማስረጃ ነው።

ነገር ግን ውል ያለው ሁሉ ፍርድ ያገኛል ማለት አይደለም።

አንደኛ፣ ውሉን የሚገዛው የማን ሕግ ነው? የ1952ቱ ሕግ ሲረቀቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ክፍል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሲታወጅ ግን ሳይገባበት ቀረ። ባዶውን ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚሞላው የመገበያያው ድርጅት በረጅም ጽሑፍ ያሰፈረው የባዕድ አገር ሕግ ነው። ሸማኔው ደግሞ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው ሳያነበው ነው። ጉዳቱም በተግባር የሚታይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ መካከል የማስረከቢያው ቀን ያለፈበት ሻጭ በእኛ ሕግ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አግዶኛል ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ በባዕዱ ሕግ ግን ምን መከራከሪያ እንዳለው ማን ይነግረዋል?

ሁለተኛ፣ የማን ዳኛ? የደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ቢፈርድለት እንኳ ፍርዱ በፍራንክፈርት በራሱ አይፈጸምም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 458 የውጭ ፍርድ እንዲፈጸም የእኛም ፍርድ በዚያ አገር መፈጸም አለበት ይላል፤ የጀርመንም ሕግ ይህንኑ ይጠይቃል። ሁለቱ በር ላይ ቆመው «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» የሚባባሉ እንግዶች ይመስላሉ። ፍራንክፈርት ሄዶ ይክሰስ ቢባል፣ የጠበቃው ዋጋ ከጋቢዎቹ ዋጋ ይበልጣል።

እርግጥ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 የኒውዮርክን ስምምነት ተቀብላለች፤ በዚህም የግልግል ዳኞች ውሳኔ ከ170 በሚበልጡ አገሮች የሚፈጸምበት መንገድ ተከፍቷል። ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የግልግል ዳኝነት ወጪው ቡና በኮንቴይነር ለሚልክ እንጂ ሃያ ጋቢ ለሚሸጥ የሚቻል አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ንግዱ ገና ጨቅላ ነው፤ ሕግ ቢበዛበት ይታነቃል» ይላሉ። ፈቃድና ማኅተም ተደራርቦ ትንሹን ነጋዴ ሲያደክም እናያለንና ክርክራቸውን አንንቀውም። ዳሩ ግን እኛ የምንጠይቀው ተጨማሪ ፈቃድ ሳይሆን ዳኛ ነው። ዳኛ በሌለበት ገበያ የሚረታው ጉልበተኛው ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ትንሽ ገንዘብ የሚከራከሩ ሰዎች ከአገር አገር ያለ ጠበቃ፣ ፎርም ሞልተው የሚካሰሱበትን ሥርዓት አቁመዋል፤ ጣሪያውም 5000 ዩሮ ነው። የአፍሪካ መሪዎችም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። መንግሥታችን በዚህ ፕሮቶኮል በኩል ለትንንሽ ክርክሮች እንዲህ ያለ ችሎት እንዲቋቋም ይከራከር፤ ከፍራንክፈርት በፊት ከናይሮቢ ጋር እንጀምር። በአገር ቤትም የማን ሕግ እንደሚገዛ የሚወስነው አዋጅ ይውጣ፤ ትንሹን ሻጭም ሳያነበው ከገባበት የባዕድ ቃል ይጠብቀው።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በዚያ የምናገለግል ተማሪዎች የመገበያያዎቹን የውል ቃል አንብበን በአጭር አማርኛ ብናዘጋጅ፣ ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድም ይዘነው ብንወርድ፣ ሸማኔው ቢያንስ በምን ላይ እንደሚስማማ ዐውቆ ይስማማል።