የዘፈቀደ ዝንፈት የከበሮ መቺን እጅ አይተካም

ድራም ማሽን፣ ማለትም የከበሮ ድምፆችን በተጻፈለት ቅደም ተከተል የሚያጫውት መሣሪያ፣ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅንብር ውስጥ የድራመሩን ወንበር መያዝ ከጀመረ አሥርት ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር አብሮ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ድምፁ ከእውነተኛ ከበሮ ከተቀረጸና ምቶቹ በኮምፒዩተር ጥቂት ከተዛነፉ ሰው የመታው ይመስላል የሚል ነው። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከሁሉ ይልቅ የሚጋለጠው በስድስት ትንንሽ ክፍሎች በሚቆጠረው፣ በሁለትም በሦስትም ሊከፈል በሚችለው በችክችካ ምት ላይ ነው።

ኳንታይዝ የሚባለው አሠራር ከቦታው ፈቀቅ ያለን ምት ሁሉ ጎትቶ እኩል በተሰመረ መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ ሂውማናይዝ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የተሰለፉትን ምቶች ዕጣ እንደማውጣት ባለ ስሌት ወዲያና ወዲህ ይበትናቸዋል። ሁለቱም የመቺውን እጅ አያውቁትም። ሮጀር ሊን በ1980 እ.ኤ.አ. ኤልኤም-1 የተባለውን፣ የእውነተኛ ከበሮ ቅጂ የሚያጫውተውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ምትን ከሚያስተካክለው አሠራር ጎን ስዊንግ የተባለውን ጨምሮበት ነበር፤ ስዊንግ ግን ምቶችን በዘፈቀደ አይበትንም፣ ተለይተው የታወቁ ምቶችን በታወቀ መጠን ያዘገያል እንጂ። እንግዲህ ዝንፈት ሥርዓት እንዳለው ከመጀመሪያው የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው።

የዝንፈቱ ምንጭ አካል ነው። በደቡብ ጎንደር፣ ከደራዋ አንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር፣ በሰርግም ሆነ በማሕሌት የሚመታው ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት አፎች አሉት፤ በሰፊው አፍ ላይ የሚያርፈው መዳፍ ከክንድ ጋር ተወርውሮ ሲመጣ በጠባቡ ላይ ጣቶች ከቅርብ ይመቱበታል፤ ስለዚህ የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ ርቀት በእጆቹ ጉዞ ይወሰናል። ደብረ ታቦር የታወቀችበት የተክሌ አቋቋም፣ ከፎገራው ሊቅ ከአለቃ ገብረ ሐናና ከልጃቸው ከተክሌ ስም ጋር የሚያያዘው የዝማሬና የንቅናቄ ሥርዓት፣ እንቅስቃሴውን ከጣና ማዕበልና በውኃው ላይ ከሚወዛወዘው ደንገል እንደወሰደ ይነገርለታል። ሊቃውንቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ከበሮውም ከውዝዋዜያቸው ጋር ይሄዳል፤ ዝማሜ ከሚባለው የአቋቋም ደረጃ ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት ሲሸጋገሩም ፍጥነቱ እየጨመረ ይመጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቁጥር የታሰረ ፍጥነት ለዚህ ሁሉ ቦታ የለውም።

በደቂቃ 120 ዋና ምቶች በሚሄድ ችክችካ እያንዳንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ፣ ሦስተኛ ክፍሉም 167 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ከእነዚህ ክፍሎች የመጨረሻው ሁልጊዜ 15 ሚሊሴኮንድ ያህል ቢዘገይ ጆሮ እንደ ዜማው ጠባይ ይቀበለዋል፤ አንዴ ቀድሞ አንዴ ቢዘገይ ግን የሚሰማው ያልተለማመደ መቺ ነው። የምት ጉልበትም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ከ1 እስከ 127 ባሉ ቁጥሮች የሚለካው ይህ ጉልበት በብዙ ቅንብሮች ውስጥ ለሁሉም ምት አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰጣል፤ አለዚያም ሁለት እጅ ብቻ ያለው ሰው ሊመታቸው የማይችላቸው ሦስት ምቶች በአንድ ቅጽበት ይደራረባሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጭብጨባው ነው፤ በሰርግ ቤት የሃያ ሰው መዳፍ በጥቂቱ ተቀዳድሞ ሲያርፍ የሚፈጠረው ሰፊ ድምፅ፣ በማሽኑ ውስጥ እንደ ጅራፍ ወደሚጮህ አንድ ነጠላ ድምፅ ይጠብባል።

ማሽኑ ራሱ ግን አይወቀስም። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቀረጸው አልበም ከአኮርዲዮኑ ሥር ድራም ማሽን አስገብቶ ነበር፤ ማሽኑ ሰው ነኝ ስላላለ ሙዚቃው እስከ ዛሬ ይደመጣል። የሚወቀሰው ሰው መታው ለማለት ሰውን ሳይሰሙ መጻፍ ነው። የከበሮን ሕይወት የሚፈልግ አቀናባሪ ሂውማናይዝ የሚለውን ትእዛዝ ዘግቶ፣ በጥር ሰርግ ከበሮ መቺው አጠገብ ይቁም፤ አንድ ሙሉ ዘፈን ይቅረጽ፤ ከዚያም የሰፊውንና የጠባቡን አፍ ምቶች አንድ በአንድ ለክቶ ወደ ማሽኑ ያስገባቸው።