የካርቱም የሱንት ደን

ከጣና የሚወጣው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። በዚሁ መገናኛ አቅራቢያ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ለብዙ ዘመን ጥቅጥቅ ያለ የግራር ደን ነበር። የአገሩ ሰዎች ዛፉን በዐረብኛ «ሱንት» ይሉታል፤ ደኑም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ሱንት እንደ አተርና እንደ ባቄላ ዘሩን በልባስ ውስጥ አቅፎ የሚያፈራ ዛፍ ነው። የሚስማማው ቦታ ጎርፍ የሚተኛበት የወንዝ ዳር ሜዳ ነው። በክረምት ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው ሙላት ጥቁር ዓባይን በሚያሳብጠው ጊዜ፣ ነጭ ዓባይ መሄጃ አጥቶ በዳርቻው ላይ ይንጣለላል። ሌላው ተክል በውሃ ታፍኖ ሲሞት፣ ሱንት ለወራት ችሎ ይቆማል፤ ውሃው ሲሸሽም ድርቁን ይቋቋማል። ልባሱ ለቆዳ ማልፊያ፣ ጠንካራ እንጨቱም ለጀልባ መሥሪያ ያገለግላል።

ይህ ዛፍ ከግብፅ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ እንዲሁም እስከ ሕንድ ድረስ ይበቅላል። በአውስትራሊያማ ከውጭ ገብቶ ከመንሰራፋቱ የተነሣ እንደ አረም ይቈጠራል። ስለሆነም ዝርያው የመጥፋት አደጋ አላንዣበበበትም። ከዚህም ተነሥተው «ዝርያው ካለ፣ ለአንድ ደን መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አይታጡም።

ይሁን እንጂ በሕንድ የበቀለ ሱንት ለካርቱም ነዋሪ ጥላ አይሆነውም፤ ከሩቅ አገር ለሚመጡት ስደተኛ ወፎችም በነጭ ዓባይ ዳር ማረፊያ አይሰጣቸውም። የዝርያ ደኅንነትና የደን ደኅንነት ለየቅል ናቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የማብሰያ ጋዝ ሲጠፋ ደኑ ለማገዶና ለከሰል ተጨፈጨፈ፤ አብዛኛው ዛፍ ወድቆ ጉቶው ቀረ። ለልጆቹ ምግብ ለማብሰል እንጨት የቈረጠውን ችግረኛ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ተወቃሾቹ ሌላ ማገዶ ያሳጣው ጦርነትና ችግሩን ለንግድ የተጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ከተማዋ ስትታደስ ደኑም ከውሃና ከመብራት ሥራ እኩል ሊታሰብለት ይገባል። በመጀመሪያ ነዋሪው ሌላ ማገዶ ያግኝ፤ ቀጥሎም የተራቈተው መሬት «ባዶ ቦታ» ተብሎ ለሕንፃ ሳይሰጥ ችግኝ ይተከልበት። ጎርፉ ዛሬም በየክረምቱ ይመጣል፤ የጎደለው ተካይና ጠባቂ ነው።