በወር 300 ዶላር፦ «ኮመን ፒፕል»ን በሐኪም ዓይን

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ፊልም ነው። ግን አትሽሹ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ሕክምናው መምጣቴ አይቀርም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብላክ ሚረርን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንግሊዛዊው ቻርሊ ብሩከር የፈጠረውና በ2011 የጀመረ ተከታታይ ድራማ ነው። አብዛኛው ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ከብዙዎቹ ብትጀምሩ ግር አይላችሁም። በኤፕሪል 2025 በኔትፍሊክስ የወጣው 7ኛው ሲዝን «ኮመን ፒፕል» በሚባል ክፍል ይጀምራል። ከሁሉም የቱ ይበልጣል ሲባል ብዙ ሰው የኤሚ ተሸላሚውን «ሳን ጁኒፔሮ» ይጠራል። ቆንጆ ነው፣ አልከራከርም። እኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ኮመን ፒፕል»ን ነው የምመርጠው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ መሀሉን መነካካቴ ስለማይቀር ግን ያላያችሁ ተጠንቀቁ።

አማንዳ (ራሺዳ ጆንስ) አስተማሪ ናት። ባሏ ማይክ (ክሪስ ኦዳውድ) ኮንስትራክሽን ላይ ይሠራል። ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ያሉ፣ ደሞዛቸው ለወሩ ብቻ የሚበቃ፣ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ቀን እያስተማረች ትወድቃለች። በቀዶ ሕክምና የማይወጣ የአንጎል ዕጢ ነው፤ እሷም ራሷን ስታለች። በዚህ መሀል ጌይነር የምትባል የሪቨርማይንድ ኩባንያ ወኪል ትመጣለች። የተጎዳውን የአንጎል ክፍል አውጥተን በሰው ሠራሽ ቲሹ እንተካዋለን፣ የጎደለውን ሥራ ከኩባንያችን ሰርቨር በኔትወርክ እንልክላታለን ትለዋለች። ኦፕሬሽኑ በነጻ ነው። ክፍያው በወር 300 ዶላር ብቻ!

ይህን ክፍል አይተው የሚያወሩ ሰዎች ወይ ስለ ማስታወቂያው ወይ ስለ መጨረሻው ነው የሚያወሩት። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ውይይት ላይ ነው። ጌይነር ክፉ ሰው አትመስልም። ድምጿ ለስለስ ያለ ነው፣ እሷም ራሷ የዚሁ ቴክኖሎጂ ተጠቃሚ እንደሆነች ትነግረዋለች። ማይክ የሚሰማው ሁለት ቃል ነው፦ «ትነቃለች» እና «300»። ዋጋው ነገ ቢጨምርስ? ኔትወርኩ የት ድረስ ይደርሳል? መክፈል ቢያቅተን ምን ትሆናለች? አንዱንም አይጠይቅም። ሚስቱ ኮማ ውስጥ ሆና ማን ይጠይቃል? እኔም ብሆን የምጠይቅ አይመስለኝም።

በሕክምና ትምህርት ቤት ፈቃድ መውሰድ ማለት ፊርማ መቀበል ማለት እንዳልሆነ ተደጋግሞ ይነገረናል። ታካሚው ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን፣ ባይታከምም ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ራሱን ከሳተ ቤተሰቡ ይወስናል፤ ሲወስን ግን «እሷ ብትነቃ ምን ትል ነበር?» ብሎ ነው መሆን ያለበት። አማንዳ ግን ስትነቃ ውሉ ተፈርሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው መከራ ሁሉ ያልተጠየቀችበት ነው። ከተወሰነላቸው ክልል ሲወጡ ራሷን ትስታለች፤ ሰፊ ሽፋን ያለው ፓኬጅ ደግሞ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። ያንን ካልከፈሉ፣ ሳታውቀው በአፏ ማስታወቂያ ይተላለፍባታል፤ ተማሪዎቿ ፊት ሳይቀር!

ይህኛው ትዕይንት ላይ ትንሽ ልቆይ። ራሺዳ ጆንስ ማስታወቂያውን ተናግራ ስትጨርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። የሚጥል በሽታ አንዳንድ ዓይነቶች ቁርጥ እንዲህ ናቸው። ሰውየው ሳይወድቅ ለትንሽ ጊዜ ይፈዛል፣ ወይም ትርጉም የለሽ ነገር ይሠራል፤ ሲመለስ አያስታውሰውም። ልጆች ላይ ሲሆን ለሰከንዶች ብቻ ፈዝዞ መቅረት ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ አስተማሪው ደግሞ «ልቡ ክፍል ውስጥ የለም» ብሎ ይቆጣዋል። ልጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ። ከብዙ ገለጻ አንድ ቪዲዮ ይረዳናል።

«ይሄ እኮ ሳይንስ ፊክሽን ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። አርገስ 2 የሚባለውን የዓይን ኢምፕላንት ላስታውሳችሁ። ሴኮንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ በዘር በሚመጣ የሬቲና በሽታ ዓይናቸውን ላጡ ሰዎች የብርሃን ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በ2013 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ሰዎች ዓይን ውስጥ ገባ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ምርቱን አቆመ። መሣሪያው ዓይናቸው ውስጥ ቀረ፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ግን ጠፋ። ኢንሱሊንንም ተመልከቱ። ያገኙት ሰዎች በ1923 የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው አልቀመስ ብሎ መድኃኒቱን ቆጥበው የሚወጉ ታካሚዎች ነበሩ።

እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ዲያሊሲስ አለ። ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመ ሰው በተለምዶ በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ከማሽኑ ጋር ይያያዛል። በወጪ ምክንያት ሁለቴ ብቻ የሚያደርግ ብርቅ አይደለም። መጀመሪያ ቀን ዘመድ አዝማድ ተሯሩጦ ያዋጣል፤ ስድስተኛው ወር ላይ የሚያዋጣው ሰው ይሳሳል። ማይክ ትርፍ ሰዓት እየሠራ፣ እየከሳ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት ላይ ራሱን እያዋረደ ገንዘብ ሲለቅም ሳይ ትዝ ያሉኝ አስታማሚዎቹ ናቸው። ታካሚው አልጋው ላይ ነው፤ አስታማሚው ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ እየደወለ ነው። እሱን «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለው የለም።

እንከን የለውም አልልም። ያ የኢንተርኔት ውርደት ነገር በዝቶብኛል፤ ማይክ ጥርሱን የሚነቅልበትን ሳናይም ጉዳቱ ይገባን ነበር። ጌይነርም ወደ ኋላ ላይ ሰው መሆኗ ቀርቶ የሽያጭ ማሽን ትሆናለች። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ባልና ሚስቱ በጨነቃቸው ቁጥር የሚሮጡት ወደ ኩባንያው ወኪል መሆኑ ነው። አንድ ሐኪም አስቀምጦ «ሕመሟን እናስታግስ፣ የቀራችሁን ጊዜ እንዴት ማሳለፍ ትፈልጋላችሁ?» አላላቸውም። ማስታገሻ ሕክምና የሚባል ነገር አለ እኮ! ተስፋ መቁረጥ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ደራሲው ዘንግቶት ይሁን አውቆ የተወው እንጃ፤ አውቆ ከሆነ ጎበዝ ነው።

ቤተሰባችሁ ታሞ አንድ ነገር ፈርሙ ስትባሉ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡ። እናንተ በድንጋጤ የማትሰሙትን እሱ ይስማ። በዓመት ስንት እንደሚመጣ፣ ብታቆሙ ምን እንደሚፈጠር እሱ ይጠይቅ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ይጠይቅ፤ እንደማንቀየማችሁ እኔ ዋስ ነኝ።

ክፍሉን ለማየት ያሰባችሁ፣ ቀልድ እየመሰለ ነው የሚጀምረው፤ አጨራረሱ ግን ከባድ ነው። በቅርቡ ሐዘን የገጠማችሁ ወይም ቤት ውስጥ የምታስታምሙት ሰው ያለ እንደሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሌሎቻችሁም ማታ ብቻችሁን አትዩት፤ ሲያልቅ የምታወሩት ሰው ያስፈልጋችኋል።