ስለ ጓሮ ችግኝ ጥፋት ከመፍረድ በፊት

ከ2011 ዓመተ ምሕረት ወዲህ በያመቱ ክረምት በአገራችን ሁሉ ችግኝ ይተከላል። በየጓሮው የተተከለው የፍሬ ችግኝ ተበልቶ ሲገኝ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጎረቤት ፍየል ላይ ይላከካል፤ ባለፍየሉም ካሣ ክፈል ይባላል። በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ሳይመረመር ሊሰጥ አይገባም፤ የበላ ሁሉ የጥርሱን ምልክት ትቶ ይሄዳልና።

ጥንቸል ቀንበጡን በካራ የተቈረጠ አስመስላ አጋድማ ትቈርጠዋለች። ፍየልና ሚዳቋ በላይኛው መንጋጋቸው የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ጐትተው ይበጥሱታል፤ ጫፉም ተቦጫጭቆ ይቀራል። እነዚህን ሁለቱን ዱካቸውና ሰዓቱ ይለያቸዋል፤ ፍየል ሌሊት በበረት ታድራለችና። ጃርት በሌሊት መጥቶ የግንዱን ግርጌ ልጥ ይግጣል፤ ልጡ ዙሪያውን ያለቀ እንደ ሆነ ዛፉ ይደርቃል። ችግኙ ላዩ ሳይነካ ጠውልጎ፥ ሥሩም ከመሬት በታች በጥርስ ተቈርጦ ቢገኝ፥ የፍልፈል ሥራ ነው።

በደል የሌለበት ሰው ካሣ ቢከፍል፥ ጃርቱ በማግሥቱ ሌሊት ከመመለስ አይቦዝንም፤ ችግኙም ይጠፋል፥ የጎረቤትም ፍቅር ይጠፋል። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ጐንበስ ብሎ ይመልከት። ከዚያም ለፍየልና ለሚዳቋ የእሾህ አጥር እንዲታጠር፥ ለጥንቸልና ለጃርት ግርጌው አንድ ስንዝር የተቀበረ፥ ቁመቱም ከጕልበት በላይ የሆነ የሽቦ ወንፊት ግንዱን እንዲከብበው፥ ለፍልፈልም በመትከያው ጕድጓድ ዙሪያ ሽቦ አስቀድሞ እንዲዘረጋ ያስተምር። ግንዱ በወፈረ ጊዜ ሽቦው ይላላ።

መርምሮ የፈረደ ሹም ዛፉንም ሰውንም ያድናል።