ላስቲኩን ንቀሉት፣ ጨርቁንም ቀይሩት!

ሰሞኑን እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ ላቫጆ መኪናዬን ሳሳጥብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ጎማውን ጠረገበት፣ በሩን ጠረገበት፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ፣ ሳያለቀልቀው እንኳ፣ ገብቶ ስክሪኑን ፈተገው። "አንተ ልጅ፣ ተው!" ስለው ዞር ብሎ "ጋሼ፣ መስታወት እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?" አለኝ። ተራ የሚጠብቁት ባለመኪናዎች ሳቁ። የሳቁት ግን በልጁ አይደለም፣ በእኔ ነው።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለሳቁት ነው።

መስታወት ነው፣ ልክ ነው። ግን የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞስ መለኪያ ተራ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ስለዚህ አቧራ በጠጣ ደረቅ ጨርቅ ስክሪን ስታሹ ማጽዳት እንዳይመስላችሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። አንዳንዱ ርካሽ አንድሮይድ ስክሪንማ ፊቱ መስታወትም አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። በበጋ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ፋርጣ ገጠር የነዳ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ ምን እንደሚከመር ያውቃል። መስኮት ዝጉ ብትሏቸው ተሳፋሪዎቹ ይቆጧችኋል።

"ለስክሪን ማሰብ ቅንጦት ነው" የሚል ወንድሜ አለ። ድሮ ቢሆን እውነቱን ነው። ቴፑ ቢበላሽ የሚቀርብህ ዘፈን ነበር። የእኔዋ መኪና አሮጌ ናት፣ ስክሪኑን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፤ የኋላ ካሜራዬ ግን እሱ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ፀሐይዋ ከኋላ ስትመታው ጭረቱ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ያበራል። ግቢ ገብቼ ወደ ኋላ ሳዞር ከመኪናው ጀርባ ያለው በርሜል ይሁን ሕፃን መለየት ያቅተኛል። ይሄ ነው ቅንጦቱ?

አዲስ መኪና ያላችሁማ ይብስባችኋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቢዋይዲው፣ ከቻይና የሚመጣው የቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ። ቁልፉ ሁሉ ወደ ስክሪን ገብቷል፣ በብዙዎቹ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ሳይቀር። የደብረ ታቦር ጠዋት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ፈረንጆቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ በእነሱ አቆጣጠር ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ ቁልፍ ከሌላቸው ነጥብ እቀንሳለሁ ብሏል። እነሱ ቁልፉን እስኪመልሱልን እኛ ያለንን ስክሪን ነው የምንነዳው።

አሁን ደግሞ ወደ ላስቲኩ። ኧረ ስለ እግዚአብሔር ንቀሉት! ከፋብሪካ የመጣው ስስ ላስቲክ ለመርከብ ጉዞ የተለጠፈ ነው፤ ለዕድሜ ልክ አይደለም። ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም ከነላስቲኩ የማቆየት አመላችንን መኪና ውስጥ ይዘነው ገባን። ጠርዙ ሲነሳ አቧራው ከሥር ይገባል፣ ጣታችሁ በተጫነ ቁጥር ያንኑ አቧራ ከመስታወቱ ጋር ይፈጫል። ፀሐይ ሙጫውን ስታደርቀው ደግሞ ሲነቀል እየተቆራረጠ፣ ዝልግልጉን ትቶ ነው። ያኔ በቤንዚን ወይም በቢላ ፍቀው የሚያስለቅቁ አሉ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሻጮችም አይዋሹን። "ናይን ኤች ነው፣ ምንም አይቧጭረው" እያሉ መከላከያ መስታወት ይሸጡልናል። ናይን ኤች የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ እርሳስ አይቧጭረውም ማለት እንጂ አሸዋ አይቧጭረውም ማለት አይደለም። ለጥፉ፣ አልቃወምም፤ ሲጫር የሚጣለው እሱ ነው፣ ጥቅሙም ይኸው ነው። ግን ልኩ ይሁን፣ የማያንጸባርቅ ይሁን፣ ከተቻለም ዝናብ አቧራውን ባወረደበት በክረምት አስለጥፉት። በጥር ሜዳ ላይ ያስለጠፈ ሰው አቧራውን አብሮ አሽጎታል።

ማጽዳቱማ ምንም አይፈልግም። መኪናው ጠፍቶ ስክሪኑ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ አቧራውን ሳትጫኑ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ከዚያ የመነጽር ዓይነት ንጹሕ ጨርቅ በትንሽ ውኃ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ውኃው ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይረጭ፣ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል። አሞኒያ ያለው የመስኮት ማጽጃ፣ ኦሞ፣ ናፍጣ አይነካው፤ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ስስ ሽፋን ይልጠዋል፣ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ሳኒታይዘር ባልደረቀ እጅም አትንኩት።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ማን አሳይቶት ያውቃል? ብሩን ስንከፍል "ቶሎ በል" እንጂ "ጨርቁን ቀይር" ብለነው አናውቅም። ሁለት ጨርቅ ገዝቼ ሰጠሁት፣ አንዱ ለስክሪን ብቻ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ከሳቁት አንዱ መኪናውን እያሳጠበ ነበር። ልጁ የእኔን ጨርቅ አውጥቶ ሊገባ ሲል ሰውየው "ተወው፣ ላስቲኩ አለበት" አለው።