የቤት ሰነድ አያያዝና የኅሊና ዋጋ

በቀድሞ ዘመን በትልቅ ቤት የሚሾም የግምጃ ቤት ሹም የሚመሰገነው በዕቃው ብዛት አልነበረም፤ በሌሊት ቢጠሩት እንኳ መብራት ሳይፈልግ እጁን ሰድዶ የተጠየቀውን ለማውጣት በመቻሉ ነበር እንጂ። ለዕቃው ሁሉ ስፍራ ስፍራውን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው በጨለማም አይቸገርም።

ዛሬ የብዙዎቻችን ቤት ግምጃ ቤት ኮምፒዩተር ሆኗል። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፤ የቤት ካርታ፤ የጋብቻ ውል፤ ያረፉት ወላጆቻችን ፎቶግራፍ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ሹም ስለሌለው ያስቀመጥነውን እኛው ራሳችን አጥተን እንቸገራለን። ባለፈው ዓመት የቤታችን ካርታ ግልባጭ በቶሎ ተፈልጎ ባለቤቴና እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ስንፈልግ አመሸን። በመጨረሻ የተገኘው «አዲስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ፤ እዚያም ባለ በሌላ «አዲስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር። ባለቤቴም «ይህ አዲስ መቼ ያረጃል?» ብላ አሳቀችኝ።

ከዚህ በኋላ ታላቁ ልጃችን «ቶታል ኮማንደር» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አመጣልን። የሠራው ክርስቲያን ጊስለር የተባለ የስዊስ ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ. ም. «ዊንዶውስ ኮማንደር» ብሎ አወጣው፤ ነገር ግን «ዊንዶውስ» የማይክሮሶፍት የንግድ ስም ስለ ሆነ በ2002 ዓ. ም. የዛሬውን ስም ሰጠው። መልኩ በ1986 ዓ. ም. የወጣውን፤ ጆን ሶቻ የሠራውን «ኖርተን ኮማንደር» የተከተለ ነው።

መስኮቱ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በግራ አንዱ ፎልደር፤ በቀኝ ሌላው ይታያል፤ ይኸውም ሰው ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ዕቃ እንደሚያዛውር ያለ ነው። ማውስ መያዝ ሳያስፈልግ ሥራው በኪቦርድ ይፈጸማል። «ታብ» የተባለው ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ያሻግራል፤ «ኢንተር» ፎልደሩን ይከፍታል፤ «ባክስፔስ» ከገቡበት ያስወጣል፤ «ኤፍ 5» ይገለብጣል፤ «ኤፍ 6» ያዛውራል፤ «ኤፍ 7» አዲስ ፎልደር ይሠራል። «ኮንትሮል»ና «ዲ» አንድነት ሲነኩ አስቀድመን የመዘገብናቸው፤ ዘወትር የምንሄድባቸው ፎልደሮች ስም ይዘረዘራል። «አልት»ና «ኤፍ 7» ደግሞ የጠፋውን ፋይል በስሙ ለመፈለግ ያገለግላሉ።

ሆኖም ፕሮግራሙ መንገዱን ያሳጥራል እንጂ ሥርዓትን አይሠራልንም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴና እኔ ተቀምጠን «ቤት»፤ «ልጆች»፤ «ጤና»፤ «ፎቶግራፍ» የሚሉ አራት ፎልደሮች ሠራን፤ ፎቶግራፉንም በየዓመቱ ለየነው። እናንተም ስም ስታወጡ ሌላ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ቢያነበው የሚገባውን ስም አውጡ። ሰው ነንና ሰነዱ ያለበትን ሳንናገር ብንለይ ቤተሰባችን በኀዘኑ ላይ የፍለጋ ድካም እንዳይጨመርበት ያስፈልጋል። የተደራጀውንም በ«ኤፍ 5» ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ አኑሩ።

ይህ ፕሮግራም «ሼርዌር» ከሚባሉት ወገን ነው። ሼርዌር ማለት ገዢው አስቀድሞ ሞክሮ ከጠቀመው በኋላ የሚከፍልበት የአሸጣጥ ልማድ ነው። በአሜሪካ አገር በ1982 ዓ. ም. አንድሩ ፍሉገልማንና ጂም ክኖፍ ፕሮግራሞቻቸውን ለሰው እየሰጡ፤ የጠቀመው ገንዘብ እንዲልክላቸው በመጠየቅ ለዚህ ልማድ መንገድ ከፈቱ። ቶታል ኮማንደርም ለመሞከሪያ 30 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋውን መክፈል ወይም ፕሮግራሙን ማጥፋት ይገባል። ነገር ግን ቀኑ ቢያልፍም አይዘጋም። በተከፈተ ቁጥር ገና ያልተከፈለበት መሆኑን አስታውሶ ከ1 እስከ 3 ካሉት ቁጥሮች የጠራውን እንድንነካ ይጠይቃል፤ ስንነካውም ይከፈታል። ከዚህ በቀር ሌላ ዘበኛ የለውም፤ የቀረውን ለሰው ኅሊና ትቶታል።

እኔም 30ው ቀን ካለፈ በኋላ ብዙ ወራት ቁጥሩን እየነካሁ አለፍሁ። አንድ ማታ የ9 ዓመት ልጄ በአጠገቤ ቆማ «አባባ፤ በየቀኑ የሚጠይቅህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ዋጋውን እንደ ሆነ ነገርኋት። «ታዲያ ለምን አትሰጠውም?» ብትለኝ፤ «ባልሰጠውም ይከፈትልኛል» ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ብያት ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ፊቱን ሲያዞር ከረሜላ እንድታነሣ ማስተማሬ ነበር። በማግሥቱ ዋጋውን ከፈልሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጄ መጥታ «ዛሬ አልጠየቀህም?» ስትለኝ «ከፍያለሁ» ብዬ ሳላፍር ለመመለስ ቻልሁ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤት ማኅተምና መዝገብ በአደራ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። እዚያ ተቈጣጣሪ አለ፤ በቤት ግን የሚያየን ልጅ ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንዲት ከሰዓት በኋላ ለይታችሁ የቤታችሁን ሰነድ ከልጆቻችሁ ጋር አደራጁ፤ ሞክራችሁ የጠቀማችሁ፤ ነገር ግን ዋጋው ያልተከፈለበት ፕሮግራም ካለም ስትከፍሉ ልጆቹ ይዩ።