ሞተር የተቀየረለት መኪና ስሞግ ሳያልፍ ሥራው አላለቀም፦ የማኅበራችን የአቋም መግለጫ

እኛ በካሊፎርኒያ በመኪና ጥገና ሙያ የተሰማራን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ከሞተር ቅያሪ በኋላ በሚመጣው የስሞግ (የጭስ ልቀት) ምርመራ ሰበብ በገራዦችና በደንበኞች መካከል የሚነሳው ጭቅጭቅ እየተደጋገመ በመምጣቱ፣ በማኅበራችን ተወያይተንበት አቋም ይዘናል። ሞተር የቀየረ ባለሙያ መኪናው ምርመራውን አልፎ የምስክር ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ ሥራዬን ጨርሻለሁ ሊል፣ ቀሪ ሒሳቡንም ሊቀበል አይገባም። ውሳኔው ከሁሉ በፊት የራሳችንን ኪስ እንደሚነካ አውቀን ነው የወሰንነው።

ታክሲ የሚነዳ ወይም ዕቃ የሚያደርስ ሰው ሞተሩ ሲቃጠልበት ከአሮጌ መኪና መፍቻ ርካሽ ሞተር ገዝቶ ያመጣል። ይገጠማል፣ ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል፤ ሒሳቡም ተከፍሎ ይሄዳል። ከወራት በኋላ የተሽከርካሪ መመዝገቢያው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) የምዝገባ እድሳት ማስታወቂያ ስሞግ ያስፈልጋል ብሎ ሲመጣ መኪናው ይወድቃል። ሻጩ «የሚሠራ ሞተር ነው የሸጥኩት» ይላል፤ የገጠመው ደግሞ «ስሞግ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ይላል። በመሐል የሚጎዳው የዕለት እንጀራው በመኪናው ላይ የተንጠለጠለው ሰው ነው። መኪናውን ልሽጠው ቢልም መፍትሔ አያገኝም፤ የጥቂት ዓመት ዕድሜ ካላቸው አዳዲስ መኪኖች በቀር የስሞግ ወረቀት የማቅረብ ግዴታው የሻጩ ነውና።

ሕጉ ሞተር መቀየርን አይከለክልም። የተቃጠለውን ሞተር ለዚያው መኪና በተሠራ ተመሳሳይ ሞተር መተካት እንደ ማንኛውም ጥገና ነው፤ የልቀት መቆጣጠሪያ ዕቃው እስካልጎደለ ድረስ ተራው የስሞግ ጣቢያ ይመረምረዋል። የተለየ ሞተር ሲገባ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። የሚገባው ሞተር ከመኪናው ጋር የአንድ ዓመት ምርት ወይም ከዚያ በኋላ የተመረተ መሆን አለበት። ለከባድ መኪና የተሠራ ሞተር በቀላል መኪና ላይ አይገጠምም። መኪናው በካሊፎርኒያ ደረጃ የተመሰከረለት ከሆነም ሞተሩ እንደዚያው መሆን ይኖርበታል። የልቀት መቆጣጠሪያውም በሙሉ አብሮት መምጣት አለበት፤ ኮምፒውተሩ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ኦክሲጅን ሴንሰሮቹ፣ የቤንዚን ትነት የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ሳይቀር። ከዚህ በኋላ መኪናው ስቴቱ ወደሰየመው ልዩ መርማሪ (ሪፈሪ) በቀጠሮ ይቀርባል። ካለፈ በበሩ ምሰሶ ላይ መለያ ይለጠፍለትና ለወደፊቱ ተራው ጣቢያ በዚያ መለያ መሠረት ይመረምረዋል።

እንደ ባለሙያ የምናውቀው አንድ ነገር፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው የትነት ክፍል መሆኑ ነው። ሞተሩ ከኮፈን ሥር ሲነሳ፣ ከበስተኋላ ታንኩ አጠገብ ያለው ማጣሪያና ቱቦው እዚያው አሮጌው መኪና ላይ ይቀራል። ሞተሩ የገባበት መኪና ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ መብራቱን በስካነር አጥፍቶ የሚያስረክብ አለ። ይህ ደንበኛን ማታለል ነው። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ያሉ የቤንዚን መኪኖች የሚመረመሩት ኮምፒውተራቸው ላይ በመሰካት ነው፤ ኮድ ሲጠፋ መኪናው ራሱን የፈተሸበት ውጤትም አብሮ ይጠፋል። በእነዚህ መኪኖች ሳይጠናቀቅ የሚታለፈው የትነቱ ፍተሻ ብቻ ሲሆን ሌላው በሙሉ መጠናቀቅ አለበት። ለዚህም ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ተነስቶ፣ በከተማም በፍሪዌይም መነዳት ያስፈልጋል። ከ2010 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ ደግሞ ስካነር የማያጠፋው ቋሚ ኮድ ይመዘገባል። አባሎቻችን ሕጉ የሚታገሠውን የትነት ፍተሻ ጭምር አጠናቀው እንዲያስረክቡ ወስነናል፤ ቱቦው መገጠሙ የሚረጋገጠው በዚያ ነው።

የሌላ መኪና ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ምስክር ወረቀት ማውጣት ወንጀል ነው። ይህን የፈጸመ ወይም ደንበኛውን ወደዚያ የመራ አባል ከማኅበሩ ይሰናበታል። በዚህ ላይ የምናቅማማው ነገር የለም፤ ምርመራው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለምና። አሪ ሃገን ስሚት የተባሉት የካልቴክ ሳይንቲስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሎስ አንጀለስን ጭጋግ የሚፈጥረው ከመኪና የሚወጣው ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ መሆኑን አሳይተዋል። ስሞግ ቼክ በ1984 የተጀመረውም ይህንኑ ለመግታት ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪዌይ ላይ የሚውለው የእኛው ሾፌር ነው፤ መንገድ ዳር ባሉ አፓርታማዎች የሚያድጉትም የእኛው ልጆች ናቸው። ምርመራው ለእኛም ጤና የቆመ በመሆኑ እንደግፈዋለን።

ለካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ቢሮ የምናቀርበው ጥያቄ አለን። ባለመኪናው ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት፣ ያሰበው ሞተር ለመኪናው ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባል፤ የሞተር ቅያሪ ደንቡም በአማርኛ ሊዘጋጅ ይገባል። ደንበኞቻችንም ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሞተሩ የወጣበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ይያዙ፤ ከዚያው መኪና ኮፈን ሥር ያለውን የልቀት መለያ በስልካቸው ፎቶ ያንሱ። መለያው ሞተሩ ለካሊፎርኒያ የተመሰከረለት መሆን አለመሆኑን ይናገራል። መለያው የተላጠ ወይም መኪናው የማይታወቅ ከሆነ አባሎቻችን ያንን ሞተር አይገጥሙም።

ገራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ዋጋ ግምት መስጠት በካሊፎርኒያ ግዴታ ነው። ከእንግዲህ አባሎቻችን በዚያው ወረቀት ላይ ሪፈሪ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቀጠሮውን ማን እንደሚይዝ፣ መኪናው ከወደቀ የማስተካከያው ወጪ የማን እንደሆነ ጽፈው ያስፈርማሉ። በአባሎቻችን ገራዥ ተጀምረው ያላለቁ የሞተር ቅያሪ ሥራዎችም በዚሁ አቋም ይስተናገዳሉ።